ባለ ትልቅ መንጋጋው ጥንዚዛ

በአጋዘን ስም የሚጠራው ጥንዚዛ ቀንድ የለውም። ከራሱ ላይ እንደ አጋዘን ቀንድ ቅርንጫፍ አውጥቶ የምታዩት ቀይ ቡናማ ነገር መንጋጋው ነው። ይህን የሚያህል መንጋጋ ይዞ ደግሞ አንዲት ነገር አያላምጥበትም! ካደገ በኋላ ጠጣር ምግብ አይበላም። ቢርበው ከተሰነጠቀ የዛፍ ቅርፊት የሚወርደውን ፈሳሽ ወይም ወድቆ የፈረጠ ፍሬ ጭማቂ ይልሳል።

መኖሪያው አውሮፓ ነው። ወንዱ ከነመንጋጋው 7 ሴንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ ሊደርስ ይችላል፤ ሴቷ ታንሳለች፣ መንጋጋዋም አጭር ነው። ከግንቦት አጋማሽ እስከ ሐምሌ (እኛ ጋ ክረምት ሲገባ እዚያ በጋ ነውና) አየሩ ሞቅ ባለበት ምሽት ወንዶቹ ሴት ፍለጋ ይነሳሉ። አበራረራቸው ግን አያምርም። ሰውነታቸውን ወደ ላይ ቀጥ አድርገው፣ እግራቸውን አንጠልጥለው፣ እያጓሩ ይሄዳሉ።

ሁለት ወንዶች አንድ ግንድ ላይ ከተገናኙ ትግል ነው። ያ ሁሉ መንጋጋም የተፈጠረው ለዚህ ነው። አንዱ የሌላውን ወገብ ቆልፎ ይይዝና ከግንዱ ሊያላቅቀው ይታገላል። የተሸነፈው እግሩን አየር ላይ እያወራጨ ወደ መሬት ይወረወራል። አብዛኛውን ጊዜ ምንም ሳይሆን ተገልብጦ ይነሳና መንገዱን ይቀጥላል።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን የበለጠ የሚገርመው ከመሬት በታች ያለው ኑሮው ነው። ሴቷ አፈር ውስጥ ገብታ በበሰበሰ ጉቶ ወይም ሥር አጠገብ እንቁላሏን ትጥላለች። ከእንቁላሉ የሚወጣው እጭ ሰውነቱ ነጣ ያለና የተጠማዘዘ፣ ራሱ ብርቱካንማ ነው። ሥራው መብላት ብቻ ነው፤ እሱም የሞተና የበሰበሰ እንጨት። ሕይወት ያለውን ዛፍ አይነካም። ስለዚህ እጩን ሲቆፍር አግኝቶ «ተክሌን ሊጨርስብኝ ነው» ብሎ የሚገድል አትክልተኛ ያለ ጥፋቱ እየፈረደበት ነው።

የበሰበሰ እንጨት ብዙ ጉልበት የሚሰጥ ምግብ አይደለም። እጩም ለማደግ ከ3 ዓመት እስከ 7 ዓመት ሊፈጅበት ይችላል። በመጨረሻ እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ውፍረቱም የትልቅ ሰው አውራ ጣት ያህል ይሆናል። እዚያ ጨለማ ውስጥ እግሮቹን እርስ በርስ እያፋተገ ድምፅም ያሰማል።

ሲበቃው አፈር ውስጥ ባዶ ክፍል ይሠራና እዚያው ገብቶ መልኩን ይለውጣል። ክንፍና መንጋጋ ካወጣ በኋላም ወዲያው አይወጣም፤ የአውሮፓ ብርድ እስኪያልፍ ተደብቆ ይከርማል። አንዴ ጥንዚዛ ከሆነ ደግሞ አንዲት ሚሊ ሜትር አይጨምርም። የወንዱ መንጋጋ መተለቅና ማነስ በአብዛኛው የሚወሰነው በእጭነቱ ዘመን ባገኘው ምግብ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ጠብቆ ከወጣ በኋላ የሚኖረው ለጥቂት ሳምንታት ነው። እነዚያም ቢሆኑ ሰላም የላቸውም፦ ድመት፣ ቀበሮና ቁራ ያድኑታል። ሆዱን በልተው ስለሚሄዱ ጠዋት መንገድ ላይ ራሱና መንጋጋው ብቻ ወድቆ ይገኛል።

የጥንት ሮማውያን ይህን መንጋጋ ከበሽታ ይጠብቃል ብለው ሕፃናት አንገት ላይ እንደ ክታብ ያንጠለጥሉት ነበር። በጀርመን አገር ደግሞ ፍም በመንጋጋው ተሸክሞ የሣር ቤት ያቃጥላል ተብሎ ይታማ ነበር። ጃፓን ውስጥ ልጆች ዘመዶቹን በሣጥን ያኖራሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ቶኪዮ ላይ አንዱ ወደ 10 ሚሊዮን የን ተሸጦ ጉድ አሰኝቷል።

ዛሬ በብዙ የአውሮፓ አገሮች ቁጥሩ ቀንሷል። ምክንያቱም ከባድ አይደለም፤ ሰው ደረቅ ግንድና ጉቶ ሲያይ ጽዳት መስሎት ይነቅላል፣ ይማግዳል። በደቡብ እንግሊዝ፣ ለንደን ጭምር፣ ጥንዚዛውን የሚወዱ ቤተሰቦች ግንድ ቆርጠው ጓሯቸው ውስጥ በቁሙ ይቀብሩለታል። ውጤቱን ለማየት ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ሦስተኛ ክፍል ሆኖ ግንድ የቀበረ ልጅ፣ እናት ጥንዚዛ በዚያው ዓመት መጥታ እንቁላል ብትጥልለት እንኳ፣ ልጆቿ ሲወጡ እሱ ስምንተኛ ክፍል ደርሶ ሊሆን ይችላል።