ለታመመች በግ መድኃኒት አጋጋት

በግ ስትታመምብን መድኃኒት እንግታታለን። አጋጋቱን ካላወቅን ግን በሽታ ያልገደላትን በግ እኛው በእጃችን እንገድላታለን። ለምን? በጉሮሮዋ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ወደ ሆድ፣ ሌላው ወደ ሳንባ ይወስዳል። አንገቷን ሽቅብ ጠምዝዘን ባንድ ጊዜ ካፈሰስንባት መድኃኒቱ ሳንባዋ ይገባል። ሳንባዋ ይታመማል፤ ልትሞትም ትችላለች።

ስለዚህ በጓን እንደቆመች እንያዛት። አፍንጫዋ ከዓይኗ በላይ ከፍ አይበል። የጠርሙሱን አፍ ጥርስ በሌለበት በአፏ ጥግ እናስገባ። ምላሷን አንያዝባት፤ ከያዝነው መዋጥ አትችልም። ጥቂት በጥቂት እናፍስ። ካሳላት ቶሎ እናቁም፤ ራሷንም እንልቀቅላት።

መጠኑን የእንስሳት ሐኪም ይንገረን። ለሰው የተሰጠ ኪኒን አንስጣት። ሐኪሙ የነገረን ቀን ሳያልፍም አርደን አንብላት። መድኃኒት የሚያድነው በልክና በዘዴ ሲሰጥ ነው።