«ራሴላስ» የተባለው መስፍን በእውነት ራስ ነበርን?

እንግሊዛዊው ደራሲ ሳሙኤል ጆንሰን በ1759 (በአውሮፓውያን አቈጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንዲሁ ናቸው) ያሳተመው የራሴላስ ታሪክ፥ የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ልጅ ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ ከመለሱት ወዲህ በአገራችን ሰዎችም ዘንድ የታወቀ ነው። ባለ ታሪኩ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት አራተኛ ልጅ ነው፤ በአማራ ምድር፥ ተራራ በከበበው ሸለቆ ውስጥ ተዘግቶ ይኖራል። መጽሐፉ ልብ ወለድ ነው። ነገር ግን ስሙ በ«ራስ» ስለሚጀምር፥ ማዕረጉ በሥርዓት የተሰጠው የሚመስለው አንባቢ አይጠፋም። ስለዚህ ስሙን በግዕዝ ሰዋስው፥ ማዕረጉን በመንግሥት ሥርዓት እንመርምር።

የፖርቱጋሉ ኢየሱሳዊ ሎቦ ከ1625 እስከ 1634 በኢትዮጵያ ነበረ። የጉዞው ታሪክ በ1728 በፈረንሳይኛ ታተመ፤ ጆንሰንም ገና ወጣት ሳለ ይህን ወደ እንግሊዝኛ መልሶ በ1735 አወጣው። በዚያ መጽሐፍ የአፄ ሱስንዮስ ወንድምና የጦር አለቃ ራስ ሥዕለ ክርስቶስ ይገኛሉ፤ ፈረንጆቹ ግን ማዕረጉንና ስሙን አጣብቀው «ራሴላ ክርስቶስ» ብለው ጻፏቸው። ጆንሰን የፊተኛውን ክፍል ወስዶ፥ በመጨረሻው «ስ» ጨምሮ፥ ለባለ ታሪኩ ስም አደረገው።

ግዕዝ የተማረ ሰው እዚህ ላይ ቆም ማለቱ አይቀርም። «ሥዕለ» ተናባቢ ነውና ብቻውን አይቆምም፤ ዘርፉን ይጠብቃል። የማን ሥዕል ቢሉ የክርስቶስ ነው። ዘርፉ ሲቈረጥ ንባቡ ተንጠልጥሎ ይቀራል፥ ምሥጢሩም ይጠፋል። ደራሲው ቋንቋውን አልተማረምና አንወቅሰውም፤ ሆኖም ከስሙ የወደቀው ቃል የትኛው እንደ ሆነ ሳያስተውሉ ማለፍ ለካህን ያስቸግራል።

ማዕረጉስ? «ራስ» ከግዕዙ «ርእስ» ጋር አንድ ሥር ነው። በትውልድ የሚወረስ አይደለም፤ ንጉሡ ሠራዊት ለሚመራ፥ አገር ለሚገዛ ሰው የሚሰጠው ሹመት ነው። ሥዕለ ክርስቶስ ጐጃምን ገዝተዋል፥ ጦርም መርተዋል፤ ስለዚህ የእርሳቸው ራስነት እውነተኛ ነበር። ሹመት ነበርና ሽረትም አገኘው፤ አፄ ፋሲለደስ በ1632 ከነገሡ በኋላ ተግዘዋል። የንጉሥ ልጅ ግን የሚጠራው «አቤቶ» ወይም «አቤቶኁን» ተብሎ ነበር። በአምባ የተዘጋ ልጅ ደግሞ ሠራዊትም ግዛትም የለውም፤ የተዘጋውም ሠራዊት እንዳያገኝ ነው። እንግዲህ ራሴላስ በሸለቆው ሳለ ራስ ሊሆን ከቶ አይችልም፤ ከስሙ ጋር የተጣበቀው ማዕረግ የሌላ ሰው ነው።

መዘጋቱ ግን ከባዶ የተፈጠረ አይደለም። በመስከረም 21 ቀን ምእመናን የሚሳለሙት ግሸን የነገሥታት ልጆች ይጠበቁበት የነበረ አምባ ነው። ይህም በተራራ ራስ ላይ ነበር እንጂ በሸለቆ አልነበረም፤ በግራኝ አሕመድ ዘመንም ፈርሷል። ሎቦ በመጣበት ጊዜ ሥርዓቱ ቀርቶ ነበር፤ ኋላ አፄ ፋሲለደስ በወህኒ አምባ መለሱት። እስር ቤትን ወህኒ የምንለውም ከዚህ የተነሣ ነው ይባላል።

አንድ ነገር እንጨምር። በ1759 በወጣው የመጀመሪያው እትም ርእስ ላይ ራሴላስ የሚል ስም አልነበረም፤ የነበረው «የሐበሻ መስፍን» የሚል ብቻ ነው።