ባዶ ያደረውን ክፍል ማን ይክፈል?

ጥር ሲቃረብ የሠርግ ደጋሽ ቤተሰብ ጭንቀቱ ድንኳንና ጠላ ብቻ አይደለም። ከዋሽንግተን፣ ከለንደን፣ ከዱባይ የሚመጣው ዘመድ የት ይረፍ? ዱሮ ፍራሽ ይነጠፍና ሁሉም እዚያው ያድር ነበር። ኮንዶሚኒየም ግን ይህን አይችልም። ስለዚህ የሙሽራው አጎት ሆቴል ሄደው «20 ክፍል ያዙልኝ» ይላሉ፤ ቀብድ ከፍለው ደረሰኙን በኪሳቸው ይዘው ይመለሳሉ። ምን ዓይነት ውል እንደገቡ ግን አልጠየቁም።

ክፍሎችን በጅምላ ማስያዝ ሁለት መልክ አለው። በአንደኛው ሆቴሉ ክፍሎቹን እስከተወሰነ ቀን ለይቶ ያቆያል፤ እንግዶቹ በየስማቸው ይይዛሉ፣ በየኪሳቸው ይከፍላሉ። ቀኑ ሲያልፍ ያልተያዘውን ሆቴሉ ለሌላ ይሸጠዋል፤ ደጋሹ ዕዳ የለበትም። በሁለተኛው ደጋሹ ክፍሎቹ ቢያዙም ባይያዙም እከፍላለሁ ብሎ ይፈርማል። 20 ክፍል ለ3 ሌሊት ተይዞ 12ቱ ብቻ ቢያዙ፣ የ8 ክፍል የ3 ሌሊት ሒሳብ የፈራሚው ነው። ዘመድ ደግሞ ቦሌ ከወረደ በኋላ «እኅቴ ቤት ካላረፍኩ ትቀየመኛለች» ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ ቁጥሩ ከጥሪ ካርዱ ሳይሆን ትኬት ከቆረጡት ሰዎች ይነሳ፤ እስከ መቼና በምን ያህል መቀነስ እንደሚቻልም በጽሑፍ ይስፈር።

ዋናው ነገር ግን ቀብዱ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1883 ቀብድ መስጠት ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው ይላል። በአንቀጽ 1885 ደግሞ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ሰው ቀብዱን ለቆ፣ የተቀበለም እጥፉን መልሶ ውሉን ማፍረስ ይችላል። ብዙ ሰው ይህን እንደ ጥበቃ ያየዋል። እኔ ግን ለሆቴሉ የተከፈተ በር አድርጌ ነው የማየው። የአፍሪካ ኅብረት የመሪዎች ጉባዔ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የሚካሄደው በጥር መጨረሻ ወይም በየካቲት፣ ሠርጉ የዐቢይ ጾምን በሚሽቀዳደምበት ሰሞን ነው። ለዚያ ሳምንት የተሻለ ከፋይ የመጣለት ሆቴል ትንሽ ቀብድ በእጥፍ መመለስ አይከብደውም። እጥፉን የተቀበለ ደጋሽ ግን እንግዶቹን የት ያሳድር? መፍትሔው «ተቃራኒ ስምምነት» የምትለው ሐረግ ውስጥ ነው። ሆቴሉ ቀብድ መልሶ ውሉን ማፍረስ እንደማይችል፣ ክፍል ካጣም በራሱ ወጪ ደረጃው እኩል በሆነ ሆቴል እንደሚያሳርፍ ይጻፍ።

ዋጋውም ይብራራ። የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በዶላር የተነገረ ዋጋ በየትኛው ቀን ተመን እንደሚሰላ ካልተጻፈ ጭቅጭቅ ነው። 100 ዶላር ተብሎ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያና በላዩ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲታከል 126 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይሆናል።

ከዋሽንግተን የሚመጣው እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ ጠዋት ነው የሚደርሰው። ሆቴሎች በተለምዶ ክፍል የሚያስረክቡት ከቀኑ 8 ሰዓት በመሆኑ፣ አሮጊት እናት ይዞ ለሚመጣ ሰው የዋዜማውን ሌሊት ጨምሮ መያዝ ይሻላል። ቀኑም በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ፤ ለሆቴሉ የሚፈርመውም የእንግዳ መቀበያ ሠራተኛ ሳይሆን የመፈረም ሥልጣን ያለው ኃላፊ ይሁን።