ባለሙያው ሲሄድ ሕንፃው ሲቀር፦ የአውሮፓ አርክቴክቶች የሙያ ጉዞ በካልጋሪና በአዲስ አበባ

የአርክቴክት ሙያ ከሌሎች የጥበብ ሙያዎች የሚለይበት አንድ ዐቢይ ባሕርይ አለው። ሠዓሊ ሥዕሉን ጠቅልሎ፣ ደራሲም ረቂቁን በጉያው ይዞ ሊሰደድ ይችላል፤ አርክቴክት ግን ሥራውን ከተተከለበት መሬት ነቅሎ መሄድ አይቻለውም። ስሙና ዝናው፣ ልምዱና የንድፍ ወረቀቱ ግን አብረውት ይጓዛሉ። እንግዲህ አንድ የውጭ አገር አርክቴክት በአንድ ከተማ ሠርቶ ሲሄድ በስተኋላው የሚቀረው ምንድን ነው? ሕንፃው ብቻ ወይስ ሕንፃውን ያስገኘው ዕውቀት ጭምር? ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን በሁለት ከተሞች፣ ማለትም ጸሐፊው በሚኖርባት በካልጋሪና በአዲስ አበባ፣ የአውሮፓ አርክቴክቶች ባለፉት ሰባ ዓመታት ካከናወኗቸው ሥራዎች አንጻር ለመመርመር ይሞክራል። የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ካልጋሪ የፖሊስ ምሽግ ሆና የተቆረቆረችው በ1875 ስለሆነ አዲስ አበባን በዕድሜ የምትበልጠው በዐሥራ አንድ ዓመት ብቻ ነው። በነዳጅ ዘይት ገንዘብ ከበለጸገች በኋላ፣ በተለይም ባለፉት ሁለት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ፣ በአውሮፓ ስማቸው የገነነ አርክቴክቶችን ጠርታ አሠርታለች። በ2012 ብቻ ሁለት ሥራዎች ተጠናቀቁ። አንደኛው የእንግሊዛዊው የኖርማን ፎስተር ቢሮ የነደፈው፣ 236 ሜትር ከፍታ ያለውና እንደ ቀስት የጎበጠው የ«ቦው» ሕንፃ ነው። ሁለተኛው የስፔኑ ተወላጅ ሳንቲያጎ ካላትራቫ የነደፈው የሰላም ድልድይ ነው። በ2018 ደግሞ የኖርዌዩ ስኖሄታ የነደፈው ማዕከላዊ ቤተ መጻሕፍት በ245 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ወጪ ተሠርቶ ተከፈተ። ከዚያ በኋላ የዴንማርኩ የብያርከ ኢንግልስ ቢሮ ንድፍ የሆነው «ቴሉስ ስካይ» ተከተለ።

ከእነዚህ መካከል ብዙ ያነጋገረው ድልድዩ ነው። ካላትራቫ በቫሌንሲያ ሥነ ሕንፃ ከተማረ በኋላ ዙሪክ ሄዶ ምሕንድስና አጥንቶ በ1981 የዶክትሬት ማዕረግ ያገኘ ሰው ነው። ዓለም የሚያውቀው ግን ከሩቅ በሚታዩ ምሰሶዎችና እንደ በገና ጅማት በተወጠሩ ገመዶች በሚሠራቸው ድልድዮች ነው። በካልጋሪ ይህንን እንዳያደርግ ከላይም ከታችም ተከለከለ። በስተላይ በአቅራቢያው የሄሊኮፕተር ማረፊያ ስላለ ምሰሶ ማቆም አልተፈቀደለትም፤ በስተታች ደግሞ ወንዙ ጎርፍ ስለሚያመጣ በውኃው ውስጥ እግር መትከል አልተቻለም። ስለዚህ 126 ሜትር ርዝመት ያለው፣ ቀይ ብረት እንደ ጠመዝማዛ ቅርጫት ተጎንጉኖ የተሠራ ቱቦ ሆነ። ብረቱ የተሠራው በስፔን ሲሆን ብየዳው ጉድለት ተገኝቶበት ከአንድ ዓመት በላይ ዘግይቷል። ዋጋው 24 ሚሊዮን ተኩል ዶላር ገደማ መሆኑና ንድፉ ያለ ውድድር ለአንድ ሰው መሰጠቱ የከተማውን ነዋሪ ለሁለት ከፍሎ አከራከረ። በሰኔ 2013 ታላቁ ጎርፍ በመጣ ጊዜ ግን ድልድዩ ውኃውን ከበታቹ አሳልፎ ቆመ። በጸሐፊው አስተያየት የካላትራቫ ምርጥ ድልድዮች እንዲህ እጁ የታሰረባቸው ናቸው።

ሆኖም ለርእሳችን የሚበልጠው ቁም ነገር ከዝነኞቹ ስሞች በስተጀርባ የሚገኘው ሥርዓት ነው። በአልበርታ ሕግ መሠረት በክፍለ ሀገሩ የአርክቴክቶች ማኅበር ያልተመዘገበ ሰው፣ ዝናው የቱን ያህል ቢሆን፣ በአርክቴክትነት ሊሠራ አይችልም። በዚህ ምክንያት ፎስተር ከዛይድለር ቢሮ ጋር፣ ስኖሄታና ኢንግልስም «ዲያሎግ» ከተባለው የካናዳ ድርጅት ጋር ተጣምረው ሠርተዋል። ዝርዝር ንድፉን በአገሩ የግንባታ ደንብ መሠረት የሚያዘጋጀው፣ ከሥራ ተቋራጩ ጋር በየቀኑ የሚጨቃጨቀው፣ ጣሪያ ሲያፈስም ተጠያቂ የሚሆነው የአገሬው ቢሮ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ የቆመው የከተማው ባቡር በሚያልፍበት ሐዲድ ላይ ነው፤ ሐዲዱን ሸፍኖ በላዩ መሥራት የጠየቀው ዕውቀት ከስኖሄታ ጋር ወደ ኦስሎ አልተመለሰም። በዲያሎግ መዝገብ ቤትና በሠራተኞቹ አእምሮ ውስጥ እዚያው ቀርቷል።

የዛይድለር ቢሮ ታሪክ እዚህ ላይ ልዩ ትርጉም አለው። መሥራቹ ኤበርሃርድ ዛይድለር ራሱ ስደተኛ ነበር። በጀርመን አገር ተወልዶ በቫይማር ባውሃውስ ተምሮ በ1951 ወደ ካናዳ መጣ፤ በኦንታሪዮ አንዲት ትንሽ ከተማ ባለ ቢሮ ተቀጠረ፤ ከዓመታት በኋላ በቶሮንቶ የኢተን ማዕከልን ለመሥራት በቃ። የዛሬው ስደተኛ መንገድ ከዚህ የረዘመ ነው። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ካልጋሪ የገባ አርክቴክት በመጀመሪያ የትምህርት ማስረጃውን በአገር አቀፉ የማረጋገጫ ቦርድ ማስመርመር፣ ቀጥሎ በተመዘገበ አርክቴክት ሥር በተለማማጅነት መሥራት፣ ከዚያም የካናዳን የአርክቴክቶች ፈተና ማለፍ ይጠበቅበታል። ብዙ ልምድ ላካበቱ የውጭ አገር አርክቴክቶች የተዘረጋ አጠር ያለ መንገድ መኖሩ እውነት ነው። ነገር ግን በአገሩ ትምህርት ቤትና ሆስፒታል ነድፎ የነበረ፣ ቤተሰብም የሚያስተዳድር ሰው የመጀመሪያውን የተለማማጅነት ወንበር እስኪያገኝ ድረስ የሌሎችን ንድፍ በኮምፒውተር እየሣለ ዓመታት ሊያሳልፍ ይችላል። እንግዲህ ሕጉ ዝነኛውን አውሮፓዊ በአገሬው አጋር ትከሻ ተደግፎ በፊት በር ሲያስገባው፣ ስደተኛው ግን በጓሮ በኩል ተራውን እንዲጠብቅ ያደርጋል። ይህ ቢባልም ሕጉ የከተማውን ዕውቀት በከተማው ውስጥ ማስቀረቱን መካድ አይገባም።

አሁን ወደ አዲስ አበባ እንመለስ። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በመዲናችን ሥራ የሚሰጠው እንዲህ ያለ ሕግ ሳይሆን የንጉሠ ነገሥቱ አመኔታ ነበር። ለዚህ ከአርቱሮ ሜዜዲሚ የበለጠ ምሳሌ አይገኝም። በ1922 በሲየና አካባቢ የተወለደው ሜዜዲሚ አሥመራ የገባው በ1940፣ የዐሥራ ስምንት ዓመት ወጣት ሳለ ነው። እዚያው አሥመራ የቅየሳና የግንባታ ቴክኒክ ዲፕሎማ አግኝቶ መሥራት ጀመረ፤ ከቀደምት ሥራዎቹ አንዱ የአሥመራ የመዋኛ ገንዳ ነው። በ1959 የአፍሪካ አዳራሽ ሥራ ተሰጠው። ሕንፃው በዐሥራ ስምንት ወር ገደማ አልቆ በየካቲት 1961 ተመረቀ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በግንቦት 1963፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር በዚያው ተፈረመ። የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤትም የእርሱ ሥራ ነው። ቀያሽ ሆኖ ሥራ የጀመረ ሰው የአንድን አህጉር አዳራሽ ለመሥራት የበቃው ማስረጃው ተመርምሮ ሳይሆን ንጉሠ ነገሥቱ ስላመኑት ነው። በዛሬው ካልጋሪ ቢሆን ኖሮ ሜዜዲሚም ከተለማማጆቹ ወንበር ይጀምር ነበር።

ፈረንሳዊው ሄንሪ ሾሜት ደግሞ ሌላ ዓይነት ሰው ነው። የዛሬውን ብሔራዊ ቴአትር ለ1955ቱ የኢዮቤልዩ በዓል አጠናቀቀ፤ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክን ክብ ሕንፃም ሠራ። አዲስ አበባ ለእርሱ የመጀመሪያ እርከን ሆነችለትና ከዚህ ባገኘው ስም በአቢጃንና በዳካር ቢሮ ከፍቶ የምዕራብ አፍሪካ አርክቴክት ሆነ።

የዩጎዝላቪያው ኢቫን ሽትራውስ ታሪክ ግን ከሁሉም የሚያሳዝን ነው። ከዝድራቭኮ ኮቫቼቪች ጋር በውድድር አሸንፎ የፖስታና የቴሌኮሙኒኬሽን ሕንፃዎችን ለአዲስ አበባ ነደፈ። ወደ አገሩ ተመልሶ በሳራዬቮ የሆሊዴይ ኢን ሆቴልንና «ዩኒቲክ» የተባሉትን መንትያ ማማዎች ሠራ። በ1992 ከተማዋ በተከበበች ጊዜ ማማዎቹ በእሳት ሲጋዩ በገዛ ዓይኑ አየ፤ በከበባው ውስጥ የጻፈው የቀን ማስታወሻም ታትሟል። በኢትዮጵያ አብዮትና ጦርነት ባለፈባቸው በእነዚያ ዓመታት ሁሉ የአዲስ አበባው ፖስታ ቤት ቆሞ ደብዳቤ ሲያስተላልፍ ቆየ። ለአገር መረጋጋት ዋስትና የላትም እየተባለች የምትታማው ከተማ የሽትራውስን ሥራ ከአውሮፓዊቷ ከተማ በተሻለ ጠብቃለታለች።

ከእነዚህ ሁሉ ለእኛ ጥያቄ ቅርብ የሆነው የዛልማን ኤናቭና የአርክቴክት ሚካኤል ቴድሮስ ሽርክና ነው። ኤናቭ በጥብርያዶስ የተወለደ እስራኤላዊ ስለሆነ በትውልዱ አውሮፓዊ አይባልም፤ ነገር ግን በለንደንም ተምሮ በዘመኑ የአውሮፓ ሥነ ሕንፃ መንፈስ የተቀረጸ ባለሙያ ነው። ሁለቱ በጋራ ቢሮ ከፍተው የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርን፣ የፍል ውሃ መታጠቢያ ቤቶችንና ሌሎችንም ሠሩ። ኤናቭ በ1966 ወደ አገሩ ተመለሰ። በካልጋሪ ሕግ የሚያስገድደውን አጋርነት እነዚህ ሁለት ሰዎች በገዛ ፈቃዳቸው ፈጸሙት። እንዲያም ሆኖ ስለ ሕንፃዎቹ ሲጻፍ የሚካኤል ቴድሮስ ስም ብዙውን ጊዜ ከኤናቭ ስም በኋላ እንደ ጅራት ይቀጠላል። በአፍሪካ አዳራሽም ቢሆን 150 ካሬ ሜትር ስፋት ያለውን ባለቀለም መስታወት የነደፉት ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ ባይሆኑ ኖሮ በዚያ ሕንፃ የሚታወስ የኢትዮጵያዊ ስም አይኖርም ነበር።

ኢትዮጵያውያን አርክቴክቶች በዚያን ጊዜ ጥቂት የነበሩት ትምህርቱ ገና ስለነበር ነው። በስዊድን እርዳታ የሕንፃ ኮሌጅ የተቋቋመው በ1954 ነውና። የዚህ ትምህርት ፍሬ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ በኔዘርላንድ ኤምባሲ ሥራ ላይ ታየ። ኤምባሲውን የነደፉት የደቹ አርክቴክቶች ዲክ ፋን ጋመረንና ብያርነ ማስተንብሩክ ከኢትዮጵያው «አባ አርክቴክትስ» ጋር ሲሆን ከዚህ በኩል ሥራውን የያዙት አርክቴክት ራሔል ሻውል ናቸው። በ2005 የተጠናቀቀው ሕንፃ በባሕር ዛፍ ደን መካከል ተዳፋቱን ተከትሎ የተዘረጋ ረጅም ኮንክሪት ነው። ኮንክሪቱ እንደ አካባቢው አፈር ቀይ እንዲሆን ቀለም ተቀላቅሎበታል፤ ግድግዳው፣ ወለሉና ጣሪያው ከአንድ አለት የተፈለፈለ ይመስላል። ዝናብ ሲዘንብ ጣሪያው ጥልቀት የሌለው ኩሬ ይሆናል፤ ይህም ውኃ የበዛበትን የኔዘርላንድ ምድር ለማስታወስ ነው። ሕንፃው በ2007 የአጋ ካን የሥነ ሕንፃ ሽልማት ተቀበለ።

የውጭ አገር አርክቴክት ኢትዮጵያ በመጣ ቁጥር ላሊበላን መጥቀስ እንደ ልማድ ሆኗልና ብዙዎች ይህንንም ሕንፃ ከላሊበላ ጋር አነጻጽረውታል። የባርሴሎናው ሐቪየር ቪላልታ ለልደታ መርካቶ የገበያ ሕንፃ በፈንታው ከአገር ልብስ ጥለት ጀመረ። የልደታው የተበሳሳ የኮንክሪት ግድግዳ ግን ከጥቅስ ያለፈ ጥቅም አለው፤ ከውጭ በሚመጣ መስታወት ፈንታ ፀሐይን ይከላከላል፤ ነፋስም ያስገባል።

ከኤምባሲው በኋላ የሦስቱ ባለሙያዎች መንገድ ወዴት አመራ? ፋን ጋመረን የዴልፍት ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር፣ በኋላም የሥነ ሕንፃ ፋኩልቲው ዲን ሆነ። ማስተንብሩክ ከመሬት ጋር ስለተዋሐዱ ሕንፃዎች በ2021 ዳጎስ ያለ መጽሐፍ አሳተመ። ራሔል ሻውል ደግሞ «ራስ አርክቴክትስ» የተባለውን የራሳቸውን ቢሮ መርተው ወጣት አርክቴክቶችን በሥራ ላይ ማሠልጠን ያዙ። ዕውቀቱ በአዲስ አበባ ቀረ ለማለት የሚያስደፍረው ይህ የመጨረሻው ነው።

ሜዜዲሚ ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ወደ ጣሊያን ተመልሶ በ2010 ሮም ውስጥ ሲያርፍ ሰነዶቹም የቀሩት በዚያው በጣሊያን ነው። የአፍሪካ አዳራሽ በአውስትራሊያ አርክቴክቶች መሪነት ታድሶ በጥቅምት 2024 እንደገና ተከፈተ። ግዙፉን የቢሾፍቱ አየር ማረፊያ ደግሞ የነደፈው በባግዳድ ተወልዳ በለንደን የሠራችው የዛሃ ሐዲድ ቢሮ ነው። ውሉ የአገሬውን አርክቴክት በምን ደረጃ እንደሚያስገባ፣ ዝርዝር ንድፉ በማን እጅ እንደሚዘጋጅና ቅጂው የት እንደሚቀመጥ አስቀድሞ መወሰን ያለበት ጉዳይ ነው። የ1960ዎቹንና የ1970ዎቹን ሥራ በተመለከተ ግን የቀረው ጊዜ አጭር ነው። በእነዚያ ቢሮዎች ንድፍ ሲሥሉ፣ ሲቀይሱና የሥራ ቦታ ሲቆጣጠሩ ከነበሩት ኢትዮጵያውያን መካከል በሕይወት ያሉት ዛሬ አረጋውያን ናቸው፤ ጥቂቶቹም እንደ እኛው በሮም፣ በዋሽንግተንና በቶሮንቶ ይኖራሉ። የዚህ መጽሔት አንባብያን በየከተማቸው ሊጠይቋቸው የሚችሉት ነገር ብዙ ነው፤ የትኛውን ሕንፃ የትኛውን ሉህ ማን እንደሣለው፣ ኮንክሪቱን ያፈሰሰው ፎርማን ማን እንደነበረ፣ ሲማሩ ማን እንዳስተማራቸው፣ ቢሮው ሲዘጋም ወረቀቱን ማን እንደወሰደው።