ስልካችሁ ጥያ መሄዳችሁን እንዴት አወቀ?

የጥያን ትክል ድንጋዮች አይታችሁ ስትመለሱ ፌስቡክ የቡታጅራ ሆቴል ማስታወቂያ ቢደቅንባችሁ፣ «ስልኩ ወሬያችንን ሰምቶ ነው» ለማለት አትቸኩሉ። መስማት አያስፈልገውም። ሎኬሽን የፈቀዳችሁላቸው አፖች የት እንደዋላችሁ ያውቃሉ፤ የስልኩ የማስታወቂያ መለያ ደግሞ ከየአፑ የተለቀመውን መረጃ አንድ ላይ ያስራል።

አንድሮይድ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ጉግል፣ ቀጥሎ አድስ የሚለውን ከፍታችሁ መለያውን ሰርዙት። ማስታወቂያው አይቀርም፤ እናንተን መከታተሉ ግን ይከብዳል። ሎኬሽንንም አፑን ስትጠቀሙ ብቻ ፍቀዱ። የባትሪ መብራት አፕ የት እንዳላችሁ ማወቁ ምን ሊሠራለት?

ፎቶም በቴሌግራም እንደ ፋይል ስትልኩ የተነሣበት ቦታ አብሮ ሊሄድ ይችላል፤ እንደ ተራ ፎቶ ላኩት።

በሕግ በኩልም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለን፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።