በሰንበት ትምህርት ቤት የኢንተርኔት መረብ ላይ በር ጠባቂ ማኖር



የፑኝዶ የስደተኞች መጠለያ የሚገኝባት የጎግ ወረዳ፣ በጋምቤላ ክልል በአኙዋ ዞን ያለች፣ ከአዲስ አበባ እጅግ የራቀች ናት። መምህራንና መጻሕፍት እንደ ልብ በማይደርሱባቸው እንዲህ ባሉ አካባቢዎች ኢንተርኔት ለስብከተ ወንጌል ትልቅ አጋዥ ነው። ነገር ግን አንድ ሰንበት ትምህርት ቤት በምእመናን መዋጮ ወርኃዊ ጥቅል ገዝቶ ዐሥር ኮምፒውተሮችን ቢያገናኝ፣ ሁለት ወጣቶች በሚያወርዱት ፊልም ጥቅሉ በሳምንት ሊያልቅ ይችላል። መምህሩም ለእሑድ ያሰበውን ትምህርት ሳያወርድ ይቀራል። ብዙዎች በዚህ ጊዜ ሞደሙን ነቅለው ካቢኔ ውስጥ ይቆልፉታል፤ ይህ ግን መፍትሔ ነው አንልም። ቅዱስ ጳውሎስ የተፈቀደውንና የሚጠቅመውን ለይተን እንድናይ አስተምሮናል (1ኛ ቆሮ. 6፥12)። መለየት ደግሞ ከመዝጋት ይልቅ ሥራ ይጠይቃል።

ለዚህ የሚያገለግለው ፕሮክሲ ሰርቨር ይባላል፤ እንደራሴ ልንለው እንችላለን። በአዳራሹ ያሉት ኮምፒውተሮች በቀጥታ ወደ ውጭ አይወጡም፤ ጥያቄያቸውን ለእንደራሴው ይሰጣሉ፤ እርሱም ደንቡን ተመልክቶ ስለ እነርሱ ይጠይቃል፣ መልሱንም ያመጣል። በነጻ ከሚገኙት መካከል እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ስኩዊድ የታወቀ ነው። በሊኑክስ ላይ ይሠራል፤ ለአንድ አዳራሽ አራት ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው አሮጌ ኮምፒውተር ይበቃዋል። ሁለት የኔትወርክ ካርድ ይደረግለትና አንዱ ከራውተሩ፣ ሌላው ኮምፒውተሮቹ ከተሰኩበት ስዊች ጋር ይገናኛል።

ስኩዊድ ካልተቀየረ በቀር በፖርት 3128 ይቀበላል። ደንቦቹን ከላይ ወደ ታች ያነባል፤ መጀመሪያ የገጠመው ደንብ ይፈርዳል። ስለዚህ ክልከላው ከአጠቃላዩ ፈቃድ በላይ መጻፍ አለበት፤ በመጨረሻም ያልተፈቀደው ሁሉ እንዲከለከል ይደረጋል። በቅዳሴ ሰዓት መረቡ እንዲያርፍ፣ በትምህርት ሰዓት የቪዲዮ ገጾች እንዲዘጉ፣ ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር የሚለቀቀው ፍጥነት እንዲወሰን ማዘዝ ይቻላል። ከዚህ ጋር ከፕሮክሲው ውጭ የሚወጣውን መንገድ ሁሉ በፋየርዎል መዝጋት ያስፈልጋል፤ አለዚያ በር ጠባቂ አቁሞ አጥሩን ክፍት መተው ነው። በኪሱ ባለው ስልክ በራሱ ሲም የሚጠቀመውን ግን ይህ ሁሉ አይነካውም፤ እርሱን የሚያገኘው ምክር ብቻ ነው።

ቀድሞ ፕሮክሲ ዋና ጥቅሙ አንድ ጊዜ የወረደውን አስቀምጦ ለሌላው መስጠቱ ነበር። ዛሬ አብዛኞቹ ገጾች የተመሰጠሩ በመሆናቸው ስኩዊድ የገጹን አድራሻ ስም እንጂ ውስጡን አያይም፤ ስለዚህም ሊያስቀምጠው አይችልም። መዝሙሩንና ስብከቱን ሌሊት አንድ ጊዜ አውርዶ በዚያው ኮምፒውተር በጋራ ማኅደር ማኖር ይሻላል። ዐሥሩም ጥቅሉን ሳይነኩ ከዚያ ይከፍቱታል።

ከሁሉ ይልቅ ልናስብበት የሚገባን መዝገቡ ነው። ስኩዊድ የትኛው ኮምፒውተር በስንት ሰዓት ወደ የትኛው ገጽ እንደ ሄደ ይጽፋል። ስለ ሕመሟ በስውር ያነበበች እኅት፣ ከኃጢአት ልማድ ለመውጣት እርዳታ የፈለገ ወንድም በዚያ ሊታወቁ ይችላሉ። ወጣቱ ለንስሐ አባቱ በፈቃዱ የሚናገረውን የኮምፒውተር ኃላፊ ከመዝገብ ፈልቅቆ ለጉባኤ ቢያወጣው፣ ያ ወጣት ከአዳራሹ ብቻ ሳይሆን ከቤተ ክርስቲያንም ሊርቅ ይችላል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም የሰዎች መረጃ ያለ አግባብ እንዳይያዝ ይደነግጋል። ስለዚህ መዝገብ መኖሩ በአዳራሹ በር ላይ በግልጽ ይለጠፍ፤ ብልሽት ለመፈለግ ከሚያስፈልጉት ጥቂት ቀናት በላይ አይቆይ፤ የሚከፈተውም በሰበካ ጉባኤው የተመደቡ ሁለት ሰዎች አብረው ሲገኙ ብቻ ይሁን።