ስኳር ሳይኖርበት ስለሚጣፍጥ መጠጥ

እንደሚታወቀው መተማ ቆላ ናት። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ስለሚደርስ ከሥራ የተመለሰ ሰው ሁሉ የቀዘቀዘ ለስላሳ ይመኛል። ዛሬ በአገራችን ገበያ ሁለት የሚመሳሰሉ ለስላሳዎች አሉ፤ አንዱ ስኳር ያለበት፣ ሌላው «ዜሮ» ወይም «ዳይት» የሚባለው ነው። ሁለቱም ይጣፍጣሉ። ታዲያ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

330 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ተራ ኮካ ኮላ ውስጥ 35 ግራም ያህል ስኳር አለ፤ ይኸውም ሰባት የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው። ይህ ስኳር ወደ ደም ገብቶ ኃይል ይሆናል። በዜሮው ውስጥ ያለው ግን ሰው ሠራሽ ማጣፈጫ ነው። ምላስን እንደ ስኳር ያታልላል እንጂ የደምን ስኳር ከፍ አያደርግም።

የመጀመሪያው ማጣፈጫ ሳካሪን ነው። እ.ኤ.አ. በ1879 ኮንስታንቲን ፋልበርግ የተባለ ኬሚስት ከቤተ ሙከራ ወጥቶ እጁን ሳይታጠብ ሲበላ ምግቡ ጣፈጠውና ምክንያቱን መርምሮ አገኘ። ሳካሪን ከስኳር 300 ጊዜ ያህል ይጣፍጣል። በ1965 የተገኘው አስፓርቴም ደግሞ 200 ጊዜ ያህል ይጣፍጣል። አስፓርቴም በሙቀት ቀስ በቀስ ስለሚፈርስ፣ በእኛ ቆላ ፀሐይ ላይ የሰነበተ ጠርሙስ ጣዕሙ ይቀንሳል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ሰዎች ክብደት ለመቀነስ ብለው በማጣፈጫ እንዳይመኩ መክሯል። ለአስፓርቴም የተወሰነው የቀን መጠን ግን በዚያው ዓመት ሳይለወጥ ጸንቷል፤ ይኸውም ለአንድ ኪሎ ክብደት 40 ሚሊ ግራም ነው።

ውድ አንባብያን፣ ከሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር የሚከተለው ነው። ኢንሱሊን የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ አንዳንድ ጊዜ የደሙ ስኳር ከመጠን በታች ይወርዳል። ያን ጊዜ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይርበዋል፣ ንግግሩም ይዛባል። በእኛ አገር ላብ ብርቅ ስላልሆነ «ሙቀቱ ነው» ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። ሕመምተኛው መዋጥ ከቻለ ፈጥኖ ስኳር ያለበትን ለስላሳ ወይም በውሃ የተበጠበጠ ስኳር መስጠት ይገባል። «ስኳር በሽተኛ ነው» ብሎ ዜሮውን መስጠት ግን ምንም አይረዳውም። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም ሳይሰጡ በፍጥነት ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው።

ስለዚህ ጠርሙስ ከመክፈታችን በፊት ጽሑፉን እናንብብ። ለዕለት ጥማት ግን ከሁለቱም ንጹሕ ውሃ ይበልጣል።